ዴይኬር ልትከፍቱ ነው፣ ጎረቤት ደግሞ «ትራፊክ!» ብሎ ተነስቷል፦ የዞኒንጉን ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት እንደምትይዙት

ባለቤቴ ቤታችን ውስጥ ልጆች መያዝ ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር፣ ከዛ ቤቱ ጠበበን፣ ወረፋ የሚጠብቀው ወላጅም በዛ፣ እና አንድ ድሮ የጥርስ ሀኪም ቢሮ የነበረ ባዶ ቤት አገኘንና 60 ልጅ የሚይዝ ሴንተር እንክፈት አልን። ቦታው ጸጥ ያለ የመኖሪያ ሰፈር ጥግ ላይ ነው። በዞኒንግ (ሲቲው የትኛው ቦታ ላይ ምን እንደሚሠራ የሚወስንበት ደንብ) ፐርሚት ያስፈልጋል ተባልን፣ እሺ አልን፣ ሂሪንግ (ቦርድ ፊት ሁለቱም ወገን የሚሰማበት ስብሰባ) አለባችሁ ተባልን፣ እሱንም እሺ። እኔ 200 ፊርማ አሰባስቤ፣ የልጆቹን ፎቶ በትልቁ አሳትሜ፣ ሱፌን ግጥም አድርጌ ሄድኩ። ከተቃወሙት መሀል አንድ ጡረታ የወጡ አዛውንት ተነሱና ከኪሳቸው ትንሽዬ ማስታወሻ ደብተር መዘዙ። ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው መኪና ሲቆጥሩ ነበር ለካ፣ በየ15 ደቂቃው ከፋፍለው። ፐርሚቱን የሚወስነው የሲቲው ቦርድ የሳቸውን ደብተር ኮፒ አስደረገ፣ የኔን ፊርማ «እናመሰግናለን» ብሎ ወደ ጎን አስቀመጠው። ጉዳያችን ሁለት ወር ተራዘመ፣ የሁለት ወር ኪራይ ከኪሳችን ወጣ።

ከጊዜ በኋላ ደሞ እኔ የምኖርበት መንገድ ላይ ሌላ ሰው ዴይኬር ልክፈት ብሎ መጣና ይሄኛውን ጎረቤት ሆኜ ተከታተልኩት። ስለዚ ሁለቱም ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፣ የምጽፈውም ለሁለቱም ወገን ነው፣ ሊከፍት ላሰበውም፣ «ኧረ ይሄ መንገድ አይችልም» ብሎ ለተጨነቀውም። አሜሪካ ላላችሁ ነው። ጠበቃ አይደለሁም፣ እያንዳንዱ ሲቲና ካውንቲ የየራሱ ኮድ (የተጻፈ ደንብ) አለው፣ ስሞቹም ከቦታ ቦታ ይለያያሉ፣ አካሄዱ ግን ይመሳሰላል።

1ኛ፦ መጀመሪያ ነገሩ ሂሪንግ የሚያስፈልገው መሆኑን እወቁ

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ቤት ውስጥ የሚሰራ ዴይኬርና ሴንተር በሕግ ፊት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ስቴቶች ሲቲዎች የቤት ውስጡን እንዳይከለክሉ በሕግ እጃቸውን አስረዋል። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ እስከ 14 ልጅ የሚይዝ የቤት ውስጥ ዴይኬር እንደ ማንኛውም መኖሪያ ቤት ነው የሚታየው፣ ሲቲው የዞኒንግ ፐርሚት አምጡ ማለት አይችልም። እንደዛ ያለ ስቴት ውስጥ ከሆናችሁ የትራፊክ ክርክሩ ሲቲ ሆል ድረስም አይደርስም። ጎረቤት ከሆናችሁም ፊርማ ስታሰባስቡ ከምትከርሙ ሰውየውን ሄዶ ማናገር ይሻላል፣ የሚሰማችሁ ቦርድ የለማ።

ሴንተር ከሆነ ግን ወደ ካርታው ነው። የሲቲው ዌብሳይት ላይ የዞኒንግ ማፕ አለ፣ አድራሻውን ስታስገቡ አንድ ፊደልና ቁጥር ይወጣላችኋል፣ አብዛኛውን ጊዜ በ«አር» የሚጀምረው መኖሪያ ነው፣ በ«ሲ» የሚጀምረው ንግድ። እሱን ይዛችሁ ኮዱ ውስጥ የዩዝ ቴብል የሚባለውን ፈልጉ፣ ወደ ጎን ዞኖቹ፣ ወደ ታች የአጠቃቀም ዓይነቶቹ የተዘረዘሩበት ትልቅ ሰንጠረዥ ነው። «ቻይልድ ኬር ሴንተር» የሚለው መስመር ከናንተ ዞን ጋር የሚገናኝበት ሳጥን ውስጥ «ፒ» ካለ በቀጥታ ይፈቀዳል፣ ሂሪንግም የለም። «ሲ» ወይም «ኤስ» ካለ ኮንዲሽናል ዩዝ ወይም ስፔሻል ዩዝ ፐርሚት ነው፣ በአንዳንድ ቦታ ስፔሻል ኤክሴፕሽን ይሉታል፣ ነገሩ ግን አንድ ነው፣ ይፈቀዳል ነገር ግን ቦርድ አይቶት፣ ቅድመ ሁኔታ ጨምሮበት። ሳጥኑ ባዶ ከሆነ አይፈቀድም ማለት ነው፣ ዞኑን ወይም ኮዱን ራሱ ማስቀየር ይጠይቃል፣ እሱ ረጅምና ውድ መንገድ ስለሆነ እኔ ብሆን ሌላ ቤት እፈልጋለሁ።

ሰዎች «ቫሪያንስ እናወጣለን» ሲሉ እሰማለሁ። ቫሪያንስ በብዙ ቦታ ለልኬት ነው፣ ፓርኪንግ ሁለት ጎደለኝ፣ አጥሩ ለመንገድ ትንሽ ቀረበ፣ ለመሳሰለው። ያልተፈቀደን ሥራ በቫሪያንስ ማስፈቀድ ብዙ ቦታ አይቻልም።

ነገሩ የመጣው ከድሮ ነው። ኒው ዮርክ በ1916 ከተማውን በሙሉ የሚሸፍን ዞኒንግ አወጣች፣ በ1926 ደሞ ኦሃዮ ውስጥ ካለችው የዩክሊድ ከተማ የተነሳ ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ሲቲዎች ቦታን በዞን መከፋፈል ይችላሉ ተባለ። ያኔ ሀሳቡ ፋብሪካውን ከመኖሪያው ማራቅ ነበር። ዴይኬር ፋብሪካም አይደል፣ መኖሪያም አይደል፣ መሀል ላይ ስለተቀመጠ ነው ይሄ ሁሉ ንትርክ።

በዚሁ ደረጃ ላይ እያላችሁ ሊዝ አትፈርሙ። ወይም ከፈረማችሁ «ፐርሚቱ ካልተገኘ ውሉ ይፈርሳል» የሚል አንቀጽ አስገቡ። እኛ ሳናስገባ ፈርመን ነው ያ ኪራይ የነደደው። አከራዩ «አታስቡ፣ እዚህ ምንም ችግር የለም» ብሎን ነበር። አከራይ ስለ ዞኒንግ ሲነግራችሁ በጥርጣሬ ስሙት፣ እሱ ፐርሚት አይሰጥም።

2ኛ፦ ፕላነሩን አናግሩ፣ መልሱን በኢሜይል ያዙ

ሲቲ ሆል የፕላኒንግ ክፍሉ ካውንተር ላይ ተረኛ ፕላነር (ማመልከቻዎችን የምታጠና የሲቲው ባለሙያ) አለች። ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት ፕሪ አፕሊኬሽን ሚቲንግ ጠይቁ። አራት ነገር ይዛችሁ ውጡ፦ ሥራችን በኮዱ ውስጥ የትኛው ምድብ ነው፣ ስንት ፓርኪንግ ይፈለጋል፣ የትራፊክ ጥናት ግዴታ ነው ወይስ አይደለም፣ ቦርዱ የሚፈርድባቸው መስፈርቶች የትኛው አንቀጽ ላይ ናቸው። ቤት ስትገቡ «ዛሬ የነገርሽኝ እንዲህ እንዲህ ነው፣ ከተሳሳትኩ አርሚኝ» ብላችሁ ጻፉላት። በቃል የተባለ ነገር ከሦስት ወር በኋላ ማንም አያስታውሰውም፣ ፕላነሯም ሥራ ቀይራ ሊሆን ይችላል፣ የኛዋ ቀይራ ነበር።

ጎረቤቶችም ይሄንኑ ማድረግ ትችላላችሁ። ፕላነር የአመልካቹ ሠራተኛ አይደለችም፣ ፋይሉ የሕዝብ ነው፣ ሳይት ፕላኑን (የግቢውንና የፓርኪንጉን ንድፍ) አሳዩኝ ብትሉ ያሳዩዋችኋል፣ እምቢ ካሉም በጽሑፍ የፐብሊክ ሪከርድ ጥያቄ ታስገባላችሁ።

3ኛ፦ መስፈርቶቹን ወረቀት ላይ ገልብጡ

ኮዱ ውስጥ ቦርዱ አዎ ወይም አይ ለማለት የሚያያቸው ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች አሉ። ከሰፈሩ ጋር ይጣጣማል ወይ፣ ውሃና ፍሳሹ ይበቃል ወይ፣ ለእግረኛና ለመኪና አደጋ ይፈጥራል ወይ፣ መንገዱ የሚጨመርበትን ይሸከማል ወይ የመሳሰሉ። እያንዳንዷን በእጃችሁ ጻፏትና ከሥሯ «ማስረጃዬ ምንድን ነው?» ብላችሁ ባዶ ቦታ ተዉ። ያ ባዶ ቦታ ካልሞላ ሂሪንግ ላይ ብታለቅሱም ዋጋ የለውም፣ ምክንያቱም ቦርዱ ውሳኔውን ሲጽፍ በየመስፈርቱ ሥር «ይሄን ያገኘነው ከዚህ ማስረጃ ነው» ማለት አለበት።

የኔ 200 ፊርማ የወደቀው ለዚህ ነው። ፊርማው የሚለው «ዴይኬር ያስፈልጋል» ነው፣ መስፈርቱ ውስጥ ደሞ «ያስፈልጋል ወይ» የሚል ጥያቄ አልነበረም። በሌላው ወገንም እንደዛው ነው፣ «ሰፈራችን ይበላሻል»፣ «ማን እንደሚመጣ አናውቅም» ማለት አይጠቅምም፣ ደፍሬ ልናገር፣ «እነዚህ ሰዎች» ብሎ የጀመረ ጎረቤት የራሱን ጉዳይ ነው የሚገድለው። «ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ50 እስከ 2 ሰዓት ከ10 ከቤቴ ለመውጣት አራት ደቂቃ እጠብቃለሁ፣ ይኸው ቪዲዮው» ግን ማስረጃ ነው። በዓይን የታየና የተቆጠረ ነገር ከተራ ሰው አፍም ቢወጣ ይሠራል፣ ኢንጂነር መሆን አይጠበቅባችሁም።

4ኛ፦ ቁጠሩ

ትልቁ ሥራ ይሄ ስለሆነ እዚህ ጋ ረዘም እላለሁ። የዴይኬር የትራፊክ ጠብ ቀኑን ሙሉ የሚቆይ ጉዳይ አይደለም፣ የጠዋት ሃያ ሠላሳ ደቂቃና የማታ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ነው። ሌላው ሰዓት ቦታው ከጥርስ ሀኪሙም የባሰ ጭር ይላል።

የትራፊክ ኢንጂነሮች የሚጠቀሙበት ትሪፕ ጀነሬሽን ማንዋል የሚባል መጽሐፍ አለ፣ አሳታሚው የትራንስፖርቴሽን ኢንጂነሮች ኢንስቲትዩት ነው፣ እያንዳንዱ የሥራ ዓይነት ስንት ጉዞ እንደሚያመጣ የተለካበት፣ ዴይኬር እዛ ውስጥ ቁጥሩ 565 ነው። በሱ መሠረት አንድ ልጅ በቀን ወደ 4 ጉዞ ያመጣል፣ በጠዋቱ ከፍተኛ ሰዓት ደሞ ወደ 0.78። ልብ በሉ፣ ጉዞ ማለት መኪና አይደለም። እናት ጠዋት ስትገባ አንድ፣ ስትወጣ ሁለት፣ ማታ ስትገባ ሦስት፣ ስትወጣ አራት። 60 ልጅ ማለት በቀን ወደ 245 ጉዞ ነው፣ እና ጎረቤቶቻችን ሪፖርቱ ላይ 245 የሚለውን ሲያዩ 245 መኪና መስሏቸው ሰፈሩ ተናወጠ፣ እኛም ማስረዳት አቃተን። በጠዋቱ ሰዓት 60 ሲባዛ በ0.78 ወደ 47 ጉዞ ይሆናል፣ በግምት 25 የሚገባ 22 የሚወጣ።

በአንድ ሰዓት ውስጥ 25 መኪና ሲገባ ቀላል ይመስላል አይደል? ችግሩ እኩል ተከፋፍለው አይመጡም። የሥራ ሰዓት ስለሚያሳድዳቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሊመጡ ይችላሉ። ሌላም አለ፣ ትምህርት ቤት ልጁ ከመኪናው ወርዶ ሮጦ ይገባል፣ ዴይኬር ግን ወላጅ መኪናውን አቁሞ፣ ከካርሲቱ ፈትቶ፣ አቅፎ ገብቶ፣ ፈርሞ፣ ጃኬት አውልቆ፣ ልጁ እግር ላይ ተጠምጥሞ እያለቀሰ ተላቆ ነው የሚወጣው። እኛ ስንለካው በአማካይ 8 ደቂቃ ሆነ። ስለዚ የዴይኬር ጉዳይ ከመንገዱ ይልቅ የፓርኪንጉ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ በሃያ ደቂቃ 15 መኪና ከመጣና እያንዳንዱ 8 ደቂቃ ከቆመ፣ 15 በ8 አባዙና ለ20 አካፍሉ፣ በአንድ ጊዜ በአማካይ 6 መኪና ቆሟል ማለት ነው። አማካይ ስለሆነ መጠባበቂያ ጨምሩ፣ 8 ወይም 9 ለወላጅ ብቻ የተተወ ቦታ ያስፈልጋል። ሠራተኞች ከዛ ውጪ ናቸው። የኛ የመጀመሪያ ሳይት ፕላን 14 ፓርኪንግ ነበረው፣ በቂ ነው ብለን ኮርተን፣ 11 ሠራተኛ እንዳለን ረስተን! ለወላጅ ሦስት ቦታ ነበር የቀረው፣ ሌላው መኪና መንገዱ ላይ ሊሰለፍ ነው። አዛውንቱ ይሄን ያዩት ከበረንዳቸው ሆነው ነው።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ማክሰኞ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ምረጡ፣ ሰኞና አርብ ትራፊኩ ይዛባል። ትምህርት ቤት ክፍት የሆነበት፣ በዓል የሌለበት ሳምንት ይሁን። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ማታ ከ10 እስከ 12 ሰዓት በኛ አቆጣጠር፣ ወረቀቱ ላይ ስትጽፉ ግን በፈረንጅ ሰዓት ጻፉ፣ እኔ አንዴ ተምታቶብኝ ቦርዱን ግራ አጋብቻለሁ። በየ15 ደቂቃው መስመር አድርጉ፣ ወደ ግራ የታጠፈ፣ ወደ ቀኝ የታጠፈ፣ ቀጥ ያለ እያላችሁ ጭረት ጭረት አድርጉ። ስልካችሁን የሆነ ነገር ላይ አስደግፋችሁ ቪዲዮ ያዙ፣ ሰው ቁጥራችሁን ሲጠራጠር ታሳዩታላችሁ። ሰልፍ ካለ ርዝመቱን ጻፉ፣ ለአንድ መኪና 25 ጫማ ገደማ መያዝ የተለመደ ነው፣ አራት መኪና ከተሰለፈ 100 ጫማ ሆነ ማለት ነው፣ ያ ደሞ የጎረቤቱን ድራይቭዌይ ይዘጋል ወይ የሚለውን በሜትር ሄዳችሁ ለኩ። ሊከፍት ያሰበ ሰው ደሞ አሁን ያለበትን ዴይኬር፣ ወይ የወዳጁን አስፈቅዶ፣ በተመሳሳይ መንገድ ይቁጠር። የራሳችሁ ወላጆች ስንት ሰዓት እንደሚመጡ የመግቢያ ፊርማው ላይ አለ እኮ፣ ከመጽሐፉ ቁጥር ቀጥሎ የሚያሳምነው እሱ ነው።

ስለ መስቀለኛ መንገዱ በትራፊክ ሪፖርቶች ውስጥ ሌቭል ኦፍ ሰርቪስ የሚል ከኤ እስከ ኤፍ ደረጃ ታያላችሁ። የሚለካው ሹፌር በአማካይ ስንት ሰከንድ ይዘገያል በሚል ነው። ስቶፕ ሳይን ያለበት ጋ ከ25 እስከ 35 ሰከንድ ዲ ነው፣ ከ50 በላይ ኤፍ። መብራት ያለበት ጋ ኤፍ የሚባለው ከ80 ሰከንድ ሲያልፍ ነው። የትምህርት ቤት ውጤት አይደለም፣ ብዙ ሲቲዎች «ዲ»ን ይቀበላሉ፣ ስለዚ ጎረቤት ሆናችሁ «ዲ አመጣ!» ብላችሁ ብትጮሁ ፕላነሯ ዝም ብላ ታያችኋለች። መጠየቅ ያለባችሁ «አሁን ስንት ሰከንድ ነው፣ ዴይኬሩ ሲጨመር ስንት ይሆናል» ነው። ከ18 ወደ 20 ከሄደ ክርክር የለም። ከ33 ወደ 52 ከሄደ አለ።

ከብዛቱ የማይተናነስ ሌላ ነገር እይታ ነው። ከድራይቭዌዩ የሚወጣ ሰው የሚመጣውን መኪና ያያል? የሚመጣውስ በጊዜ ያቆማል? በ25 ማይል የሚነዳ መኪና አይቶ እስኪቆም 155 ጫማ ያህል ይፈልጋል፣ በ30 ማይል 200 ጫማ፣ መሐንዲሶቹ ሲነድፉ የሚይዙት ቁጥር ይሄ ነው። እኛ ጋ የተለጠፈው 25 ነው፣ ሰዉ የሚነዳው ግን 30 ነበር፣ ከበሩ በስተግራ ደሞ ሰው የሚያክል አጥር ተክል አለ፣ 110 ጫማ ላይ እይታውን ይቆርጠዋል። ቦርዱ ፊት ይሄን አንድ ጎረቤት ቢያነሳው አልቆልን ነበር። ማንም ሳያነሳው እኛው ራሳችን አገኘነውና ተክሉን ወገብ ድረስ ከረከምነው፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው የፈጀው፣ ፎቶውን ከፊትና ከኋላ አድርገን ፋይሉ ውስጥ አስገባን።

ሲቲው መደበኛ የትራፊክ ጥናት ከጠየቀ ግን ብዙ ቦታ ፈቃድ ያለው ኢንጂነር መቅጠር ግዴታ ነው፣ የናንተ ቆጠራ ግን አይጣልም፣ ለኢንጂነሩ ስጡት። አንዳንዱ ጥናት በዝግ ሰሞን ይቆጠራልና ቀኑን እዩ፣ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የተቆጠረ ከሆነ ጎረቤት በትክክል ያፈርሰዋል።

5ኛ፦ ጎረቤት ጋ ደብዳቤው ከመድረሱ በፊት ሂዱ

ሲቲው ሂሪንግ ሲኖር በዙሪያው ላሉ ቤቶች ማስታወቂያ ይልካል፣ ብዙ ቦታ 300 ወይም 500 ጫማ ድረስ ነው፣ ግቢው ላይም የማስታወቂያ ሰሌዳ ይተከላል። ሰው ስለናንተ መጀመሪያ የሚሰማው ከዛ ደብዳቤ ከሆነ ተቃዋሚ ሆኖ ነው የሚመጣው። ሳይት ፕላኑን አትማችሁ እርሳስ ይዛችሁ በየበሩ ሂዱ። ስለ ዴይኬሩ ጥሩነት አትስበኩ፣ «ከመስኮትዎ ምን ያያሉ? የሚያስቸግርዎት ምንድን ነው?» በሉ፣ የሚሉትን እዛው ካርታው ላይ ጻፉ። ጥጉ ላይ የሚኖሩት እትዬ (ሀበሻ ናቸው፣ እኔ ሳላውቅ) ደብዳቤ ላይ «ትራፊክ» ብለው ጽፈው ነበር፣ ቁጭ ብለን ስናወራ ግን የሳቸው ጭንቀት ልጃቸው ማታ ተረኛ ስለሆነ ጠዋት ሲመጣ የቤቱን በር መኪና ዘግቶ እንዳያገኘው ነው። እሱ ደሞ በአንድ ምልክትና ጠርዙን ቀለም በመቀባት የሚያልቅ ነገር ነው። «ትራፊክ» የሚለው ቃል ሥር ብዙ የተለያየ ነገር ነው ያለው፣ ጫጫታ የሚጠላም፣ ፓርኪንጉን የለመደም፣ የሚሮጥ መኪና የሚፈራም ሁሉም በአንድ ቃል ነው የሚጽፈው።

የማትፈጽሙትን ግን ቃል አትግቡ። ጎረቤት ያላችሁትን ይዞ ቦርዱ ፊት ይቀርባል፣ እሱ ደሞ ቅድመ ሁኔታ ሆኖ ፐርሚታችሁ ላይ ይጻፋል።

የቦርዱን አባላት በግል ስልክ እየደወላችሁ አታናግሩ። እንደዚህ ያለ ጉዳይ ላይ ቦርዱ እንደ ዳኛ ነው የሚታየው፣ ከሂሪንጉ ውጪ ያወራችሁትን ይፋ ማድረግ አለበት፣ ሲብስም ከጉዳዩ ይወጣል። የምታውቁት ሰው አባል ከሆነ ሰላምታ ብቻ።

6ኛ፦ ቅድመ ሁኔታዎቹን ራሳችሁ ጻፏቸው

ቦርድ አብዛኛውን ጊዜ «አዎ፣ ግን» ነው የሚለው። «ግን» ቀጥሎ የሚመጣውን ሌላ ሰው ከሚጽፍላችሁ እናንተ አርቅቃችሁ ውሰዱ። ጎረቤትም ከሆናችሁ «ይከልከል» ብሎ ከመሟገት ይልቅ ጥሩ ቅድመ ሁኔታ ማስጻፍ የበለጠ ያዋጣችኋል፣ እኔ በራሴ መንገድ ላይ ያደረግኩት ይሄን ነው።

ጥሩ ቅድመ ሁኔታ የሚቆጠር ወይም የሚታይ ነገር ነው። «ትራፊክን ለመቀነስ ጥረት ይደረጋል» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ጠዋት በፈረንጅ ሰዓት ከ7፡30 እስከ 8፡30 አንድ ሠራተኛ ፓርኪንጉ ውስጥ ቆሞ መኪና ያስተናግዳል፣ ሠራተኞች ግቢ ውስጥ አያቆሙም፣ መግቢያና መውጫው አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሆናል፣ ከድራይቭዌዩ ወደ ግራ መታጠፍ በጠዋት ይከለከላል፣ እንዲህ ሲሆን ኢንስፔክተር መጥቶ አዎ ወይም አይ ማለት ይችላል። የወላጆችን መምጫ ሰዓት በየሩብ ሰዓቱ መከፋፈል ብዙ ሰው የሚያቀርበው መፍትሄ ነው፣ ግን የሥራ ሰዓት ያለው ወላጅ ሁሌ አይገዛለትም፣ ብቻውን አትደገፉበት። እኛን ያዳነን ሁለት ነገር ነው፦ ሠራተኞቻችን መንገድ ዝቅ ብሎ ካለ ቤተክርስቲያን ጋር ተፈራርመን በሥራ ቀን እዛ እንዲያቆሙ ማድረጋችን፣ እና በ40 ልጅ ጀምረን ከስድስት ወር በኋላ ተቆጥሮ ችግር ካልታየ ወደ 60 እንድናድግ ማቅረባችን። ሁለተኛውን ያቀረብነው ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ራሱ ተቀየረ፣ ምክንያቱም የሚፈራው ሰው «ካልሆነስ?» ለሚለው መልስ አገኘ።

ውሉን በጽሑፍ ያዙ ብቻ፣ የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌ በቃል «ምን ገዶን» ብለውን ነበር፣ ፕላነሯ ግን የተፈረመ ካልሆነ ፓርኪንግ ብላ አልቆጠረችውም።

7ኛ፦ ሂሪንጉ

ከቀኑ በፊት ስታፍ ሪፖርት ይወጣል፣ ፕላነሯ ጉዳዩን አጥንታ «ይፈቀድ፣ በነዚህ ሁኔታዎች» ወይም «አይፈቀድ» ብላ የምትጽፈው ነው። እሱን ሳያነቡ የሚመጡ ሰዎች በሁለቱም ወገን ያሳዝኑኛል፣ የተመለሰ ነገር ሲከራከሩ ሦስት ደቂቃቸው ያልቃል። ስህተት ካለው ከሂሪንጉ በፊት በኢሜይል አሳውቁ። የጽሑፍ አስተያየት የሚቀበሉበት ሰዓት አለ፣ አንድ ገጽ ይበቃል፣ ማስረጃውን አባሪ አድርጉ።

እንግሊዝኛ የማይቀናችሁ ከሆነ አስተርጓሚ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል መሥሪያ ቤት በ1964ቱ የሲቪል ራይትስ ሕግ መሠረት በትውልድ አገሩ ምክንያት ሰው ማግለል አይችልም፣ ቋንቋም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፣ ዋሽንግተን ዲሲ ደሞ በ2004 የራሷን የቋንቋ ሕግ አውጥታለች፣ አማርኛም ከምታስተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የመናገሪያ ጊዜው ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው፣ በአስተርጓሚ ሲሆን ግማሹ ይበላል፣ ስለዚ ተጨማሪ ጊዜ እንዲሰጣችሁ አስቀድማችሁ አስመዝግቡ።

አሥራ ሁለት ሰው አንድ ነገር አይድገም። ተከፋፈሉት፣ አንዱ ስለ ፓርኪንግ፣ አንዱ ስለ እይታ፣ አንድ ወላጅ ጠዋት እንዴት እንደምትመጣ። የምታሳዩትን ወረቀት ለክለርኳ (መዝገብ ለምትይዘው) ስጡ፣ ስልካችሁ ላይ ያሳያችሁት ነገር መዝገቡ ውስጥ የለም፣ መዝገቡ ውስጥ የሌለ ነገር ደሞ ይግባኝ ላይ እንዳልነበረ ነው። የምትናገሩት ለሰብሳቢው ነው፣ ዞር ብላችሁ ጎረቤታችሁን አትመልሱለት። እኔ የመጀመሪያው ቀን ዞር ብዬ ነበር፣ ድምፄም ከፍ አለ፣ ሰብሳቢዋ «እባክዎ ወደዚህ» አለችኝ፣ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

ነገሩ ወደ እምቢታ እየሄደ ከመሰላችሁ «እንዲራዘም እንጠይቃለን፣ ስለ ፓርኪንጉ ተጨማሪ መረጃ እናቀርባለን» ማለት ትችላላችሁ። መራዘም ያናድዳል፣ ግን ብዙ ቦታ አንዴ ከተከለከላችሁ ያንኑ ማመልከቻ መልሶ ለማስገባት ወራት መጠበቅ አለ።

8ኛ፦ ከውሳኔው በኋላ

የአፉን ውሳኔ ሰምታችሁ አትበተኑ፣ የጽሑፉን ጠብቁ፣ የይግባኙ ሰዓት ብዙ ጊዜ የሚቆጥረው ከሱ ነው። ከቦታ ቦታ 10 ቀን፣ 14 ቀን፣ 30 ቀን ይሆናል፣ አንድ ቀን ካለፈ በቃ አለፈ። ይግባኝ ማለት የሚችለው ብዙ ቦታ ሂሪንጉ ላይ የተናገረ ወይም የጻፈ ሰው ነው፣ ስለዚ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፣ ሁለት መስመርም ቢሆን ጻፉ። ፍርድ ቤት ሲደርስ ብዙ ቦታ እንደ አዲስ አይታይም፣ ቦርዱ በመዝገቡ ላይ ተደግፎ ወሰነ ወይ ነው የሚታየው።

ተፈቀደላችሁ እንበል። ዞኒንጉ አንዱ በር ብቻ ነው፣ የስቴቱ ላይሰንስ ሌላ ነው፣ ብዙ ስቴት ለአንድ ልጅ ውስጥ 35 ስኩዌር ፊት ይጠይቃልና 60 ልጅ ተፈቀደልን ብላችሁ ክፍሉ 52 ብቻ ሊይዝ ይችላል። የፋየርና የቢልዲንግ ክፍሉም ቢሮ የነበረውን ቤት ወደ ዴይኬር ስትቀይሩ አዲስ ነገር ይጠይቃሉ፣ በተለይ ገና የማይራመዱ ሕፃናት ካሉ። የልጆቹን ቁጥር ከሦስቱም ጋር አስተያይታችሁ ነው ለቦርዱ ማቅረብ የነበረባችሁ፣ ለዚህ ነው ከመጀመሪያው ጠይቁ የምለው።

ቅድመ ሁኔታዎቹን አትማችሁ ቢሮው ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ ማን ጠዋት ፓርኪንጉ ላይ እንደሚቆም ስሙን ጻፉ፣ በሳምንት አንድ ቀን ራሳችሁ ቆጥራችሁ ማህደር ውስጥ አስቀምጡ። የስድስት ወሩ ግምገማ ሲደርስ አዛውንቱ ደብተራቸውን ይዘው መጥተው ነበር፣ እኛም የኛን ይዘናል፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን አንብበን በሁለት መኪና ነው የተለያየነው። እሳቸው የሠራተኛ መኪና አንዲት ጠዋት ግቢ ውስጥ ቆማ እንደነበር ቀኑን ጠቅሰው ተናገሩ፣ እውነታቸውን ነው፣ ጎማ ፈንድቶባት ነው ብለን አመንን።

አንድ የቀረ ነገር፣ ፐርሚቱ የአገልግሎት ቀን አለው። ብዙ ቦታ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ሥራ ካልጀመራችሁበት ይቃጠላል፣ የግንባታ ፈቃዱ ሲጓተት ሳታስቡት ቀኑ ይደርሳል፣ ማራዘሚያ የሚጠየቀው ደሞ ሳያልፍ ነው። ውሳኔው በእጃችሁ በገባበት ቀን ስልካችሁ ላይ ከማለቂያው ሦስት ወር ቀደም ብሎ የሚጮህ አላርም ሙሉ።